መቅደላን በእግር፦ መንገዱ፣ ፍርስራሹና የሀገሬው ትረካ

ወሎዬው

መቅደላን በስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በእግሩ ሄዶ ያየው ግን ጥቂት ነው። እዚህ መድረክ ላይ ስለ ስሜን፣ ስለ ባሌ፣ ስለ አቡነ ዮሴፍ ብዙ ተጽፏል። ስለ መቅደላ የሚረባ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ፣ እናንተ ደግሞ ጨምሩበት። የምጽፈው አካባቢው ሰላም በነበረበት ጊዜ ካየሁት መሆኑን ግን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ቦታው ደቡብ ወሎ፣ ተንታ ወረዳ ውስጥ ነው። ዛሬ አምባ ማርያም ይባላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ያልፋል። አናቱ ሜዳ ነው፣ ዙሪያው ገደል። መነሻችሁ ደሴ ናት። ከደሴ ወደ አጅባር፣ ከአጅባር ወደ ተንታ በመኪና ትሄዳላችሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው በእግር ወይም በበቅሎ ነው። መንገዱ ይወርድና እንደገና ይወጣል። መውረዱን አትናቁት፤ ጉልበትን የሚጨርሰው እሱ ነው።

ብዙ ሰው መቅደላን አንድ ነጠላ ተራራ አድርጎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። በሰሜን በኩል መጀመሪያ ፋላና ሥላሴ የሚባሉ ሁለት ከፍታዎች አሉ። በሥላሴና በመቅደላ መካከል ሰላምጌ የሚባለው ሜዳ ይገኛል። ዋናው አምባ ከዚህ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ይነሣል። ከፋላ ሥር ደግሞ አሮጌ ሜዳ ተዘርግቷል። በ1860 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ከእንግሊዞች ጋር የተዋጋው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ የበሽሎ ሸለቆ ነው። አምባው ላይ ሆናችሁ ይህን አቀማመጥ ስታዩ፣ በትምህርት ቤት የተማራችሁት ታሪክ ያን ጊዜ መልክ ይይዛል።

የዐፄ ቴዎድሮስ ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ እዚያው አምባው ላይ ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምናየው አምሳያው ነው። እውነተኛው መድፍ ወደ 7 ቶን ይመዝናል። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ተሠርቶ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ ነው እዚህ የደረሰ። ያን ገደል በባዶ እጅ ወርዳችሁ ስትወጡ ነው የነገሩ ክብደት የሚገባችሁ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ። መንገዱን ካዩ በኋላ ማየትና በፎቶ ማየት ፍጹም አይገናኙም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ። የጎንደር ዓይነት ግንብ ለማየት የሚሄድ ሰው ያዝናል። መቅደላ ላይ የቆመ ቤተ መንግሥት የለም። የበር ምልክቶች፣ የድንጋይ ካብ ርዝራዥ፣ የመቃብር ስፍራ፣ መድፉ፤ የሚታየው ይኸው ነው። ባዶ የሆነው ግን እንዲሁ አይደለም። ተዘርፎና ተቃጥሎ ነው። ይህን ሳያውቁ መሄድ ድካም ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። አስቀድማችሁ አንብቡ። እዚያ ስትደርሱ ደግሞ የሀገሬውን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ድንጋዩን የሚያናግረው እሱ ነው።

አዲስ ተጓዥ

ወሎዬው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ጽሑፍ ስጠብቅ ነበር። ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅ። እኔ እንጦጦና የረር ወጥቻለሁ፣ ከዚያ በላይ ልምድ የለኝም። ይቻለኛል? በየትኛው ወር ይሻላል? ማደሪያስ እንዴት ነው? ውኃ መንገድ ላይ ይገኛል?

እግረኛዋ

እኔ ልመልስልህ፤ ከጓደኞቼ ጋር ሄጄዋለሁ።

የረርን የወጣ ሰው ይቻለዋል። ልዩነቱ ርቀቱና ፀሐዩ ነው። አምባው ላይ ብርድ አለ፣ ሸለቆው ውስጥ ግን ሙቀቱ ሌላ ነው። ሌሊት መነሣት አለብህ። ለመሄጃና ለመመለሻ ሙሉ ቀን ያዝ። አመሻሽ ላይ ገደሉን እወርዳለሁ ብለህ እንዳታስብ።

ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ጥቅምት ላይ ገብሱና ስንዴው ገና ማሳ ላይ ነው፣ አየሩም ጥርት ያለ ነው። ክረምቱን እርሳው፤ ጭቃው አያስኬድም። የካቲትና መጋቢት ደረቅ ናቸው ብለህ እንዳትሸወድ ደግሞ። የወሎ ደጋ በልግ አለው። የበልግ ዝናብ ድንገት ይመጣል።

ውኃ ከተንታ ይዘህ ውጣ። ለአንድ ሰው ከሦስት ሊትር በታች አትያዝ። ምግብ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ብርቱካን ይበቃል። ማደሪያ የሚባል ሎጅ እዚያ የለም። አጅባር ወይም ተንታ ቀለል ያለ አልጋ ይገኛል። ጫማህ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ይሁን፣ ጠጠሩ ያንሸራትታል። በትር ያዝ። የሀገሬው ሰው ያለ በትር ሲሄድ አላየሁም፣ ምክንያቱን ቁልቁለቱ ላይ ታውቀዋለህ።

በቅሎ ለመከራየት የሚያፍር ሰው አለ። ምን ያሳፍራል? አንዲት በቅሎ የሁላችሁንም ዕቃ ትይዛለች፣ ለባለቤቱም ገቢ ነው። ዋጋውን ግን ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ፤ መንገድ ላይ መከራከር ለማንም አይጥምም።

የተንታው

ልጆቼ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የዚያው ሀገር ሰው ነኝ። ልጄ ይህን ውይይት አሳየችኝና ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ አካሄዱን ልንገራችሁ። ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂዱና ራሳችሁን አስተዋውቁ። የድጋፍ ደብዳቤ ይሰጧችኋል፣ መንገድ የሚያሳይ ሰውም ያገናኟችኋል። ቀበሌ ስትደርሱ ደብዳቤውን አሳዩ። ይህን ያላደረገ እንግዳ ሰዉን ያስጨንቃል። ማን እንደሆነ አይታወቅማ። ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ስትገቡ ጫማ አውልቁ፣ ሴቶች ነጠላ ያዙ። አዛውንት ስታገኙ ቆማችሁ ሰላም በሉ። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ይህን ካደረጋችሁ ቡናው ራሱ ይጠራችኋል።

ስለ ሀገሬው ትረካ ደግሞ። እኛ ያደግነው ከአባቶቻችን እየሰማን ነው። ስለ ቴዎድሮስ ስትጠይቁ ሰው ሁሉ ስለ ሽጉጡ ይነግራችኋል። ትንሽ ከቆያችሁ ግን ስለ ወርቂት ትሰማላችሁ። ወርቂት የወሎ ገዥ ነበረች። ልጇ አመዴ መቅደላ ላይ ታስሮ ነበር። ያን ጊዜ የሸዋው ምኒልክም እዚያው ነበር የተያዘው። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከአምባው አምልጦ ወደ ወርቂት ምድር ገባ። ወርቂት አሳልፋ አልሰጠችውም፣ ወደ ሸዋ አሻገረችው። ዐፄ ቴዎድሮስ በቁጣ ልጇን ገደሉት። እናት የሰው ልጅ አድና የራሷን ልጅ አጣች። በኋላ አድዋ ላይ የዘመተው ንጉሥ ያን ዕለት ቢያዝ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያሉ ሽማግሌዎች ሲጫወቱ እሰማ ነበር።

አንድ ልመና አለኝ። ድንጋይ አታንሡ፣ አትቆፍሩ። በየጥንታዊ ቦታው እንደሚወራው እዚህም ስለ ተቀበረ ወርቅ ይወራል። ወርቁ የት እንደሄደ ዓለም ያውቀዋል። የቀረን ካቡ ነው፤ እሱን ተዉልን።

የታሪክ መምህር

ጋሼ፣ የወርቂትን ነገር ስላነሡት ደስ ብሎኛል። በክፍል ውስጥ ሳስተምር ተማሪዎቼ ስሟን ሰምተው አያውቁም።

ለሚሄዱት ሰዎች ቦታውን ከቀኑ ጋር ላገናኝላችሁ። የነገሩ ሥር በ1855 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ነው። መልስ አልመጣም። ንጉሡ የእንግሊዙን ቆንስላ ካሜሮንን ጨምሮ አውሮፓውያንን አሰሩ። እንግሊዝ በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር ከሕንድ ላከች። ጦሩ ዙላ ላይ ከመርከብ ወርዶ ወደ 650 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። 44 ዝሆኖች መድፍ ተሸክመው አብረው መጡ። በትግራይ በኩል ሲያልፍ ከደጃዝማች ካሣ ምርጫ ጋር ተስማማ፤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሆኑት ናቸው።

ቴዎድሮስ በዚያው ጊዜ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፎቻቸውን እየጎተቱ ነበር። ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶባቸዋል። መንገድ ሲሠራ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት 1860 ነው፤ ናፒየር በቅርብ ርቀት ይከተል ነበር።

ስቅለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.። ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን ይዞ ከፋላ ወደ አሮጌ ሜዳ ወረደ። የእንግሊዝ ወታደሮች ስናይደር የሚባለውን ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዘው ነበር፣ ሮኬትም ነበራቸው። ወደ 700 የሚሆን ኢትዮጵያዊ ወደቀ። ገብርዬም እዚያው ሞተ። ከእንግሊዝ በኩል በቁስል የሞቱት ሁለት ናቸው። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ አንብቧቸው፤ ጀግንነት ያንን መሣሪያ እንደማይመክት ንጉሡ ያን ምሽት ተረድተውታል ብዬ አምናለሁ። መድፍ ለማሠራት ያን ያህል የለፉት ይህን ቀን ፈርተው ነበር።

በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6፣ እንግሊዞች ከሰላምጌ ተነሥተው ኮኬት በርን አጠቁ። በሩ ከውስጥ በድንጋይ ተዘግቶ ነበር። ባሩዱንና መሰላሉን ረስተው ስለመጡ ወታደሮቹ ቅጥሩን ተንጠላጥለው ነው የገቡት። ቴዎድሮስ ከኮኬት በር ከፍ ብሎ ባለው ሁለተኛ በር አጠገብ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ሽጉጡ ቀደም ሲል ከቪክቶሪያ በስጦታ የመጣ ነበር። ስለዚህ ስትሄዱ መድፉ ጋ ፎቶ አንሥታችሁ አትመለሱ። ከሰላምጌ ተነሥታችሁ በኮኬት በር በኩል ወደ ሁለተኛው በር ውጡ። መንገዱ አጭር ነው። የታሪኩ መጨረሻ የተፈጸመው በዚያች አጭር ዳገት ላይ ነው።

ሰሚ ጆሮ

ሁላችሁንም አከብራለሁ። ግን አንድ ነገር እየተዘለለ ነው። ስለ መቅደላ ገደል ስናወራ ስለ እስረኞቹም እናውራ። ሚያዝያ 2፣ ከጦርነቱ አንድ ቀን በፊት፣ ምግብና ውኃ ብለው የጮኹ በመቶ የሚቆጠሩ ሀገር ልጆች ከሰላምጌ ገደል ተወርውረዋል። ስማቸውን ማንም አያነሣም። አውሮፓውያኑ እስረኞች ግን በሰላም ተለቀዋል። አቡነ ሰላማም እዚያው አምባ ላይ በእስር ነው በጥቅምት 1860 ያረፉት። ዐፄ ቴዎድሮስን የምንወድ ሰዎች ይህንንም ተሸክመን መውጣት አለብን።

ወሎዬው

ትክክል ብለሃል። እኔም ያን ገደል አፋፍ ላይ መሪያችን አሳይቶናል። ሳያጋንን፣ ሳይደብቅ ነው የተናገረው። አንድ ሰው ሀገር አንድ ለማድረግ የነበረው ሕልምና በመጨረሻ ዓመታቱ ያደረሰው ጭካኔ እዚያው አንድ አምባ ላይ ነው ያሉት። የአሮጌን ሜዳ ያየ ሰው ያንንም ገደል ይይ።

የተንታው

ሰሚ ጆሮ፣ ልጄ፣ እኛ ሀገር ይህ ተረስቶ አያውቅም። መቅደላን ቴዎድሮስ ከወሎ ባላባቶች ነው የወሰደው፣ በ1848 ዓ.ም.። ወሎ በእሱ ዘመን ብዙ አይቷል። ሀገሬው ግን ሲሞት አልቅሶለታል። ሁለቱም እውነት ነው። እዚህ ክርስቲያኑም እስላሙም ጎን ለጎን ይኖራል፣ የሁለቱንም ሽማግሌዎች ጠይቁ። አንዱ ዘንድ ያልሰማችሁትን ሌላው ዘንድ ትሰማላችሁ።

ከለንደን

ይህን ውይይት እያነበብኩ ሌሊት ሆነብኝ። የምኖረው እንግሊዝ ነው። እናንተ ባዶውን አምባ አይታችኋል። እኔ ደግሞ ከላዩ ላይ የተነሣውን አያለሁ።

አምባው የተቃጠለው ሚያዝያ 10 ነው። ከዚያ በፊት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንና ግምጃ ቤቱ ተዘረፈ። ዕቃው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ወረደ። እዚያ ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል አብሮ ዘምቶ ስለነበር ብዙውን ገዛ። ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ወደ 350 የመቅደላ ብራናዎች አሉ። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ አለ። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦታት አሉ፤ ለሕዝብ አይታዩም፣ የሙዚየሙ ሠራተኞችም አያዩአቸውም። ለማንም የማይታይን ነገር ሙዚየም ለምን ይይዘዋል? ይህን ጥያቄ እዚህ ያለን ሰዎች ሳንታክት እንጠይቃለን።

ጥቂት ነገር ተመልሷል። በ2011 ዓ.ም. የንጉሡ ጸጉር ከአንድ የጦር ሙዚየም ተመለሰ። በ2014 ዓ.ም. ጽዋና ጋሻን ጨምሮ ሌሎች ዕቃዎች ተመለሱ። ልዑል ዓለማየሁ ግን አልተመለሰም። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ነው የተወሰደው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና መንገድ ላይ ሳሉ ትግራይ ውስጥ አረፉ። እሱ በ18 ዓመቱ፣ በኅዳር 1872 ዓ.ም.፣ እንግሊዝ ሀገር ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። እዚያ ያለው ጽሑፍ «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ» የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ቃል ነው። በ2015 ዓ.ም. አጽሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ ቤተ መንግሥቱ አልተቀበለም።

ወሎዬው «አስቀድማችሁ አንብቡ» ያልከው በጣም ልክ ነው። ከብራናዎቹ በኢንተርኔት የሚታዩ አሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ጥቂቶቹን ክፈቱ። ሥዕሎቹን ተመልከቱ። ከዚያ መድኃኔ ዓለም በነበረበት ቦታ ስትቆሙ ምን እንደጎደለ ታውቃላችሁ።

አዲስ ተጓዥ

ይህን ሁሉ አልጠበቅኩም። አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ የንጉሡ መቃብር እዚያው ነው?

የታሪክ መምህር

የተቀበሩት መቅደላ መድኃኔ ዓለም ነው፣ ስፍራው ይታያል። አጽማቸው በኋላ ቋራ ወደሚገኘው ማኅበረ ሥላሴ ገዳም እንደተወሰደ ይነገራል። ቋራ የትውልድ ሀገራቸው ስለሆነ ይህን የሚተርክ ሰው ሁሉ በደስታ ነው የሚተርከው። ስለ ንጉሥ ቴዎድሮስ የሚወራው ትንቢትም እዚህ ላይ ይነሣል። ካሣ ኃይሉ ሲነግሥ ቴዎድሮስ የተባለው፣ በዚህ ስም ፍትሕና ሰላም የሚያመጣ ንጉሥ ይነሣል የሚል የቆየ እምነት ስለነበረ ነው። መሪያችሁን ስለዚህ ጠይቁት። ረጅም ጨዋታ ይከፍታል።

ሾፌሩ

እኔ በዚያ መስመር ነው የምሠራው። ይቅርታ አድርጉልኝና ሰዉ ወኔ ሳይዘው መንገዱን አስቡ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልሉ ውስጥ ያለውን ታውቃላችሁ። መንገድ ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ ይሆናል። እኛ ራሳችን ጠዋት ደውለን ነው የምንነሣው። ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ በዓመት ፈቃድ ቀን ቆርጣችሁ አትምጡ። ደሴ ድረስ ኑ፣ ከዚያ የሚመላለሱትን ሰዎች ጠይቁ። አይሆንም ካሏችሁ አይሆንም ነው። አምባው የትም አይሄድም።

እግረኛዋ

ወንድሜ፣ ተባረክ። ይህ ከላይ ሁሉ መጻፍ ነበረበት። ቡድን ለመሰብሰብ አስበን ነበር፣ አሁን ግን መንገዱ እስኪረጋጋ ቆይተናል።

ጋሼ የተንታው፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅ። ወደፊት ሰላም ሲሆን መቅደላን ከግሸን ማርያም ጋር በአንድ ጉዞ ማድረግ እንፈልጋለን። ሁለቱም ደቡብ ወሎ ናቸው፣ ሁለቱም አምባ ናቸው። ግሸንም የጥንት ነገሥታት ልጆች የሚታሰሩባት ነበረች። ያስኬዳል?

የተንታው

ያስኬዳል ልጄ፣ ግን በአንድ ትንፋሽ አይሆንም። መንገዳቸው የተለያየ ነው። ለግሸን ተመልሳችሁ ደሴ ትገቡና በኩታበር በኩል ትሄዳላችሁ። መልክዋ እንደ መስቀል ነው። ግማደ መስቀሉ ያለባት ቅድስት ቦታ ናት፣ ስለዚህ ሥርዓቷም ከመቅደላ ይለያል። መስከረም 21 ለንግሥ የሚመጣው ሕዝብ ብዛት አይነገርም። ያን ሰሞን ከሄዳችሁ ለጸሎት ሂዱ። ለጉብኝት ከሆነ ንግሡ ካለፈ በኋላ ይሻላል፣ አባቶችም ጊዜ ኖሯቸው ያነጋግሯችኋል።

መቅደላን አስቀድሙ። ድካሙ ይብሳልና በሙሉ ጉልበት ውጡት። መሪ የሚሆኑ ልጆች እኛ ጋ አሉ፣ ጥሩ ጥሩ ልጆች ናቸው። ከአያቶቻቸው ሰምተው ያደጉ ናቸው፣ አሁን ግን እንግዳ ጠፍቶባቸው ወደ ከተማ እየሄዱ ነው። ስትመጡ ከከተማ አስጎብኚ ይዛችሁ ብትመጡም እንኳ ከእነሱ አንዱን ጨምሩ። የቀን አበሉን በእጁ ስጡት። የምትጽፉትን ታሪክም መልሳችሁ ላኩላቸው፤ አጅባር ላለው ትምህርት ቤት ይጠቅማል።